የ1967 ቮልስ መንገድ አካፋይ መትታ መሪዋ ተጣሟል፤ ታይሮድ ብቻ ነው ወይስ ከዚያ በላይ?

ቮልስ_ፒያሳ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ቮልስዋገን 1300 ናት፤ ሊብሬው ላይ 1967 ይላል (በፈረንጅ)፣ መሪዋ በግራ ነው። የግራው የፊት ጎማ የመንገድ አካፋይ ድንጋይ መትቷል። ፍጥነቱ ብዙ አልነበረም፤ ፓራውልቱም ኮፈኑም ደህና ናቸው። ቸርኬው ግን ታጥፏል።

አሁን የሚታየው ይህ ነው። ቀጥ ብላ ስትሄድ መሪው ሩብ ዙር ያህል ዞሮ ይቀመጣል። ወደ ግራ ትጎትታለች። ከኩርባ ስትወጣ መሪው እንደ ድሮው በራሱ አይመለስም፣ መሃል ላይ ደግሞ አንዲት ቦታ ያዝ ያደርጋል። የግራው ጎማ ከኋላው በኩል ወደ ፓራፋንጎው ቀርቧል፤ የቀኙ እንደዚያ አይደለም።

ጋራዡ ያለኝ፦ «ታይሮዱን (መሪ ሳጥኑን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) በጋዝ አሙቀን እናቃናዋለን፤ መሪውን ነቅለን ቀጥ አድርገን እንተክለዋለን፤ ከዚያ አላይመንት።» ዋጋው አይከፋም፣ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ምን ምን ይታይ? ቅደም ተከተሉስ?

ጋሽ_ቱንቢ

ወንድሜ፣ ልብህ ልክ ነው። መጀመሪያ ያንን ጋዝ አስቁመው።

ታይሮድ በሙቀት አይቃናም። ከታጠፈ እዚያች ቦታ ላይ ብረቱ ተጎድቷል፤ ስታሞቀው ደግሞ የቀረውን ጥንካሬ ታወጣበታለህ። ለዓይን ቀጥ ይላል፣ በሚቀጥለው ጉድጓድ እዚያው ላይ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል። ሌላው ነገር፣ ቮልስ ላይ የቤንዚን ታንከሩ ያለው ፊት ለፊት ኮፈኑ ሥር ነው፤ ከመሪ ሳጥኑ በላይ ማለት ነው። ታንከሩ ሳይወርድ እዚያ አካባቢ እሳት የሚለኩስ ሰው መኪናህን አይንካት።

መሪውን ነቅሎ አዙሮ መትከልም በሽታውን መደበቅ ነው። የመሪ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ትል ጥርስና የሚነካው ሮለር በጣም ተጠጋግተው የሚገጥሙት ልክ መሃል ላይ ነው፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲሄዱ ይላላሉ። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳጥኑ ግን ከመሃሉ ውጭ ከሆነ፣ በአስፋልት ላይ ቀጥ ስትል ሁልጊዜ በልሉ ቦታ ትሄዳለህ ማለት ነው፤ አንዱ ጎን ላይም ከሌላው ያነሰ ትዞራለች። የመሪው ክብ የሚስተካከለው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም በታይሮዶቹ ርዝመት።

አሁን አንድ ነገር ልብ በል። በግራ መሪ ቮልስ ላይ ወደ ግራ ጎማ የሚሄደው ታይሮድ አጭሩ ነው፣ ወደ ቀኝ የሚሄደው ረጅሙ። የቀኝ ጎማ ሲመታ ረጅሙ ታይሮድ ይታጠፋል፣ ጉዳቱንም እዚያው ያስቀረዋል። አጭሩ ግን አይታጠፍም ማለት ይቻላል፤ ግጭቱን ተቀብሎ እንዳለ ታይሮዶቹን ወደሚገፋው የሳጥኑ ክንድና ወደ ሮለሩ ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ግራው ተመትቶ ታይሮዱ ቀጥ ቢሆን ደስ አይበልህ። «መሃል ላይ ያዝ ያደርጋል» ያልከው እኔን ያሳሰበኝ ለዚህ ነው።

ዕቃ ሳትገዛ ለካ። የታጠፈውን ቸርኬ በደህና ቀይረህ፣ የአራቱንም ጎማ ንፋስ እኩል አድርገህ፣ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁማት።

የፊትና የኋላ ጎማ መሃል ለመሃል ርቀት 2400 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግራና ቀኙን ለካ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ምንም አይደል፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግን አንድ ነገር ወደ ኋላ ሄዷል። ይህ ልኬት ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም የኋላው አክስል ራሱ በተራዘመ ቀዳዳ ላይ የሚታሰር ስለሆነ ቀድሞውኑ ወደፊት ወይም ወደኋላ ሆኖ የታሰረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከወለሉ ብረት ላይ ግራና ቀኝ ትክክል የሆኑ ሁለት ነጥቦችን (ለምሳሌ አካሉን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩትን ተመሳሳይ ቡሎኖች) መርጠህ እስከ ፊት አክስል ቱቦዎቹ ጫፍ ድረስ ለካ።

ቀጥሎ አንድ ቀጥ ያለ የብረት ፕሮፋይል በአክስሉ ፊት ላይ፣ ያልተመታውን ቀኝ ጎን አስደግፈህ ወደ ግራ ዘርጋው። በግራው ጫፍ ክፍተት ካለ የታጠፈው አክስሉ ራሱ ነው። ክፍተት ከሌለ፣ አክስሉ ቀጥ ብሎ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ከሆነ፣ የታጠፈው አክስሉ የሚታሰርበት የሻንሲው ራስ ነው። ያ ከባድ ዜና ነው።

ካምበሩን፣ ማለትም ጎማው ከላይ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ማዘንበሉን፣ በቱንቢ ታየዋለህ። ክሩን ከጎማው ውጭ አውርደህ፣ ቸርኬው ላይ ከላይና ከታች በ40 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን ለካ። ፋብሪካው ለዚህ ሞዴል የሰጠው 30 ደቂቃ (ግማሽ ዲግሪ) ሲሆን ሲደመር ሲቀነስ 20 ደቂቃ ነው፤ ይህም ላይኛው ነጥብ ከታችኛው በ3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ውጭ ሲወጣ ነው። ከ1 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ድረስ ተቀባይነት አለው። ውጤቱን እዚህ ጻፈው።

ሳጥን_ፈቺ

ጋሼ ባሉት ላይ የሳጥኑን ምርመራ ልጨምር።

ፊቷን በክሪክ አንሳና ስታንድ ላይ አስቀምጣት። ሁለቱንም ታይሮድ ከሳጥኑ ክንድ ፍታ፤ የመሪውን ሾክም (የመሪውን ንቅጥቅጥ የሚያበርደውን) ፍታ፣ አለበለዚያ የእሱን ክብደት የሳጥኑ ይመስልሃል። ታይሮዱን ስታወጣ ጥርሱ ላይ በመዶሻ አትምታ። ኮፒሊያውን (ዳዶውን የሚቆልፈውን ሽቦ) አውጣ፣ ዳዶውን አላላ፣ የክንዱን ጎን አንድ መዶሻ አስደግፈህ በሌላ መዶሻ ምታው፤ ኮኑ ራሱ ይለቃል። የታይሮድ ማውጫ ሹካ ከተጠቀምክ ጎማ ሽፋኑ ይቀደዳል።

አሁን መሪውን በሁለት ጣት ብቻ፣ በጣም በዝግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙረው። ጫፎቹ ላይ አትግጨው፤ ታይሮድ ስለሌለ የሚያቆመው ሳጥኑ ራሱ ነው። መሃል ላይ ጥቂት ክብደት መጨመሩ ጤና ነው። ቀስ ብሎ መጥቶ ቀስ ብሎ የሚሄድ መሆን አለበት። ቁልፍ እንደ ገባበት «ቀጭ» ብሎ የሚይዝ ከሆነ ግን ሮለሩ ወይም ትሉ ላይ ጠባሳ አለ። ያ በቪቴ ማጥበቅ አይድንም። ማላላትም አያድነውም፤ መያዙን ይቀንሰዋል፣ በምትኩ መሪው ይዋልላል።

የክንዱን አቅጣጫም እይ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ዙር ቆጥረህ ለሁለት ስትከፍል መሃሉን ታገኛለህ። ሳጥኑ መሃል ላይ ሆኖ ክንዱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ወይ ክንዱ ታጥፏል፣ ወይ ክንዱን የተሸከመው ዘንግ ተጠምዝዟል። የስፕላይኑን ጥርሶች (ክንዱ ዘንጉ ላይ የሚገባባቸውን) በባትሪ ተመልከት፤ ቀጥ ያሉ መሆን አለባቸው። ጠማማ ከሆኑ ወዲያውኑ ሳጥኑን ጣል። ክንዱ ብቻ ከሆነ ክንዱን ቀይር። ቡሎኑን ማላላት አይበቃም፣ ሙሉ በሙሉ አውጥተህ ነው ክንዱ የሚወርደው።

ሦስተኛ ነገር፦ ሳጥኑ በላይኛው ቱቦ ላይ በማቀፊያና በሁለት ቡሎን ነው የታሰረው። ግጭት ቱቦው ላይ አዙሮት ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ያለውን አሮጌ ቀለምና ዝገት እየው፤ የሚያብረቀርቅ አዲስ ጭረት ካለ ተንሸራቷል። መሪው የተጣመመው በዚህ ብቻ ከሆነ እድለኛ ነህ፤ ቱቦው ላይ የተበየደው ማቆሚያ ካልተጎዳ ወደ ቦታው መልሰህ ታስረዋለህ።

በመሪው ዘንግና በሳጥኑ መካከል ያለችውን ክብ የጎማ ማያያዣም አትርሳ። ስንጥቅ ካላት ትቀየር። በእሷ ላይ የምታልፍ ቀጭን ሽቦ አለች፤ ካልተመለሰች ክላክሱ አይሠራም፣ ሰውም ክላክሱ ተቃጠለ ብሎ ሌላ ይገዛል።

ቮልስ_ፒያሳ

አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ወንድሜ ሳጥን_ፈቺም። ለክተናል።

ጎማ ለጎማ፦ ቀኝ 2401፣ ግራ 2388። ከወለሉ ቡሎን እስከ ቱቦው ጫፍ ግራው በ11 ሚሊ ሜትር አጥሯል። ፕሮፋይሉ ቀኙና መሃሉ ላይ ገጥሞ ግራው ጫፍ ላይ ክፍተት አሳይቷል። የሻንሲው ራስ ላይ የተሰነጠቀም የተጨማደደም ላሜራ አላየንም።

ካምበር፦ ቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ፣ ግራ 9 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ።

ሁለቱም ታይሮዶች ቀጥ ናቸው። ሳጥኑ መሃል ላይ በደንብ «ቀጭ» ይላል። ቱቦው ላይ አልተንሸራተተም።

ጋሽ_ቱንቢ

እንግዲህ ግልጽ ነው። አክስሉ ግራው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ ታጥፏል፣ ሳጥኑ ውስጡ ተጎድቷል፣ ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው የግራው ክንድ ወይም ጎማው የሚሽከረከርበት ስፒንድል ደግሞ ተጣሟል። ሻንሲው የተረፈ ይመስላል፤ አክስሉ ሲወርድ የሚገጥምበትን ፊት በፕሮፋይል ዳግመኛ እየው።

«አክስሉን በፕሬስ እናቃናው» የሚልህ ይኖራል። አትስማው። በቱቦዎቹ ውስጥ እንደ ባሌስትራ የሚያገለግሉ የቶርሽን ቅጠሎችና የክንዶቹ ኩሽኔታዎች አሉ። ቱቦው ከውጭ ቀጥ ብሎ ቢታይ እንኳ የኩሽኔታዎቹ መቀመጫዎች አንድ መስመር ላይ ካልሆኑ ክንዱ እየታሸ ይሠራል፤ ያ ጎን ይደርቃል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ያልቃል። ደህና አክስል ፈልግ።

አወራረዱ እንዲህ ነው። የባትሪውን ነጌቲቭ ፍታ (ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው)። ቤንዚኑን ቅዳና ታንከሩን አውጣ፤ ማውጣትህ ለእሳት ብቻ አይደለም፣ አክስሉን ከአካሉ ጋር የሚያስሩት ሁለት ቡሎኖች የሚገኙት ከታንከሩ ሥር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ታች ያሉትን አራቱን ፈትቶ አክስሉን በብረት ዘንግ ሲታገለው ይውላል። የቤንዚኑን ቱቦ ድፈን። ከግራው ጎማ መሃል ያለችውን የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ገመድ መቆለፊያ አውጥተህ ገመዱን ከኋላ ሳበው። የፍሬን ሆዞቹን ፍታና ቱቦዎቹን ድፈን። የመሪውን ማያያዣ ፍታ። ከዚያ አክስሉን በክሪክ ደግፈህ ሁለቱን የላይኛ፣ ቀጥሎ አራቱን የሻንሲ ቡሎኖች አውጣ። ከባድ ነው፣ ሁለት ሰው ይያዘው።

ክንዶቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ የምታዛውር ከሆነ የቶርሽን ቅጠሎቹን ብዛትና አደራደር ምልክት አድርግ፤ በመሃሉ የሚይዛቸው ቪቴ ቅጠሎቹ ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ካልተቀመጠ የመኪናዋ ከፍታ ይዛባል። የግራውን የላይና የታች ክንድ ከቀኙ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠህ አወዳድር። ቅርጻቸው የተለያየ ክንድ አይቃናም፣ ይቀየራል። በተመታው ጎን ያሉትን ሁለቱን ቦል ጆይንት (ክንዱን ከስፒንድሉ ጋር የሚያያይዙትን ባለ ኳስ መገጣጠሚያዎች) ክንዶቹ ደህና ቢመስሉም ቀይራቸው፤ የሚገቡት በፕሬስ ነው እንጂ በመዶሻ አይደለም፣ አካላቸው ላይ ያለው ምልክትም ከክንዱ ምልክት ጋር ይግጠም።

ስፒንድሉን ለመፈተሽ ደህና ድራምና ቸርኬ ግጠምበትና አሽከርክር። የድራሙ ጀርባ ከፍሬኑ ሰሌዳ ጋር ያለው ክፍተት ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ስፒንድሉ ታጥፏል። የግራው ጎማ ኩሽኔታ ዳዶ የግራ ጥርስ መሆኑንም አትዘንጋ፤ ስንቱ በተገላቢጦሽ አጥብቆ ጥርሱን በልቶታል።

ሜሪላንድ_ቮልስ

ሰላም። ዕቃ ከአሜሪካ በዘመድ የምታስመጣ ከሆነ ሁለት ነገር።

በመጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሯን ከኋላ ወንበሩ ሥር መሃሉ ላይ አንብብ። በ117 ከጀመረ በእርግጥም የ1967 ሞዴል ናት፤ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይነግርሃል። ይህን የምለው ሊብሬ ላይ የሚጻፈው ዓመት አንዳንዴ መኪናው የገባበት ወይም የተመዘገበበት ስለሚሆን ነው። ከ1966 ሞዴል ጀምሮ የፊቱ ባለ ቦል ጆይንት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው በቋሚ ፒን የሚዞር፣ ኪንግ ፒን የሚባለው ነውና የእሱ አክስል፣ ክንድም ሆነ ስፒንድል ላንተ አይሆንም። 1302 እና 1303 የሚባሉት ደግሞ ጭራሽ ይህ አክስል የላቸውም፣ ፊታቸው በስትራት (ሾክና ሞላ አንድ ላይ ባለበት ቋሚ) ነው። ሻጭ «ሁሉም ቮልስ አንድ ነው» ካለህ አትመነው።

በሁለተኛ ደረጃ መሪው የት እንደሆነ ጠይቅ። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ከኬንያ የመጣ አሮጌ ዕቃ ካጋጠመህ የቀኝ መሪ ነው። አክስሉ ላይ የሳጥኑ ማቆሚያ በሌላው ጎን ነው የተበየደው፣ ታይሮዶቹም ተገልብጠዋል። የቀኝ መሪውን አክስል በብየዳ ለማስተካከል አትሞክር።

አዲስ ሳጥን ስትገዛ ሳትገጥመው በእጅህ አዙረው። ከካርቶን ወጥቶ መሃሉ ላይ የሚያዝ አጋጥሞናል የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ከተገጠመ በኋላ ግን ሻጩ አይመልስም። ውስጡ 160 ግራም ያህል ለማርሽ የሚሆን ለስላሳ ግሪስ ይፈልጋል። ደረቅ ሆኖ የሚመጣም አለ። የኩሽኔታ ግሪስ አትጨምርበት፤ ጎን ተገፍቶ ይቀርና ሮለሩ በደረቁ ይሠራል።

ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 ተሠርቷልና ታይሮድና ቦል ጆይንት ዛሬም አዲስ ይገኛል፣ ዋጋውም አያስፈራም። አክስል ነው የሚያስቸግረው።

ሃያሁለት_አላይመንት

መግጠሚያውና ማስተካከያው ይቀራል።

የጥብቀት ልክ፣ ቶርክ ቁልፍ ላለው፦ አራቱ የአክስል ቡሎኖች 50 ኒውተን ሜትር፤ የታይሮድ ዳዶ 30 (ከዚያ የኮፒሊያው ቀዳዳ እስኪገጥም ወደ ማጥበቅ ብቻ፣ በፍጹም ወደ ማላላት አይደለም)፤ የሳጥኑ ክንድ ቡሎን 70፤ የመሪው ክብ ዳዶ 50። ኮፒሊያ ሁልጊዜ አዲስ። የጎማ ኩሽኔታውን አጥብቀህ ካስቀመጥከው በኋላ መልሰህ አላላ፤ ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት። በጣት ስትነካው ጭራሽ የማይንቀሳቀስ ኩሽኔታ ይቃጠላል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ጋራዥ ይስታል። መጀመሪያ ካምበር፣ ቀጥሎ ሳጥኑን መሃል ማድረግ፣ መጨረሻ ቶ (የሁለቱ ጎማዎች ፊት ከኋላቸው የሚጠብበት ልክ)። ካምበር ስትነካ ቶው ይለወጣል፤ ቶውን አስቀድሞ የሠራ ሰው ሁለቴ ይሠራል። ካምበሩን የምታዞረው ከላይኛው ቦል ጆይንት ጋር ባለው ኤክሰንትሪክ (ቀዳዳው ከመሃሉ ፈቀቅ ያለ) ቡሽ ነው፤ ምልክቱ ወደ ፊት እንዲያይ አድርገህ ጀምርና ከዚያ ግራና ቀኝ አዙር። የማዞሪያው መጠን ጥቂት ነው፤ ልኩ እዚያ ውስጥ ካልመጣ አሁንም የታጠፈ ክንድ ወይም ስፒንድል አለ፣ ወደ ኋላ ተመለስ።

ካስተር፣ ማለትም ጎማው ወደ ግራና ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ማዘንበሉ፣ 3 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ነው፣ ሲደመር ሲቀነስ 1 ዲግሪ ይፈቀዳል። በቮልስ ላይ አይስተካከልም፣ ይለካል እንጂ። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ወደ አነሰው ጎን ትጎትታለች፤ መሪው በራሱ አልመለስ ያለውም አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ከታችኛው ቱቦ ጀርባ ሮንዴላ እየጨመረ «ካስተር አስተካከልኩ» የሚል ካለ የታጠፈ ነገር እየሸፈነ ነው።

ለቶ፣ ሳጥኑን መሃሉ ላይ አድርገህ የመሪው ክብ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አስረው፣ እንዳይንቀሳቀስም ደግፈው። ከዚያ አጭሩን ታይሮድ በማዞር የግራውን ጎማ፣ ረጅሙን በማዞር የቀኙን ለየብቻ ከመኪናዋ መሃል መስመር ጋር አስተካክል። ታይሮዱ በአንዱ ጫፍ የግራ፣ በሌላው የቀኝ ጥርስ ስላለው ሲዞር ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ መጀመሪያ ማጥበቂያዎቹን አላላና ዝገት ፈቺ ርጨው። ሁለቱ ጎማዎች አንድ ላይ ሲታዩ ፊታቸው ከኋላቸው በ30 ደቂቃ መጥበብ አለበት፣ ሲደመር ሲቀነስ 15 ደቂቃ ይፈቀዳል። ማሽን ከሌለ ቸርኬው ላይ ስትለካ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው፤ እኔ ሦስት ላይ እተዋታለሁ። ከመለካትህ በፊት መኪናዋን ወደ ፊት ጥቂት ግፋት፤ ከክሪክ የወረደች መኪና ጎማዎቿ ገና አልተቀመጡም።

የመሪው ልልነት ከክቡ ጠርዝ ላይ ከ15 ሚሊ ሜትር አይለፍ። አዲሱ ሳጥን ላይ የላይኛውን ቪቴ ለማጥበቅ አትቸኩል፤ መጀመሪያ ታይሮዶቹና ቦል ጆይንቶቹ ልልነት እንደሌላቸው አረጋግጥ። የሌላውን ልልነት በሳጥኑ ለማጥፋት ቪቴውን ያጠበቀ ሰው አዲሱን ሳጥን በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

ቮልስ_ፒያሳ

የመሪው ሾክ ትንሽ ዘይት ያወጣል፤ ይቀየር? ሌላው ደግሞ ለቦሎ ምርመራ ከመውሰዴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ሳጥን_ፈቺ

ቀይረው፣ ርካሽ ነው። አውጥተህ በእጅህ ስበህ ግፋው፤ እስከ መጨረሻው እኩል ሊከብድህ ይገባል። መሃል ላይ ባዶ ቦታ ካለው በ60 እና በ80 ኪሎ ሜትር መካከል መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ አንተም አላይመንቱን ትወቅሳለህ።

ለምርመራው፣ ፍሬኑን አየር አስወጥተህ ፔዳሉ ጠንካራ መሆኑን አረጋግጥ። መሪውን እስከ ጫፍ አዙረህ ሆዞቹ ጎማውንም ሆነ ሾኩን እንደማይነኩ በሁለቱም በኩል እይ። የታንከሩን ቱቦ ሞተሩን አስነስተህ ሽተተው። አንድ 500 ኪሎ ሜትር ከተነዳች በኋላ አራቱን የአክስል ቡሎኖችና የሳጥኑን ማቀፊያ እንደገና በቶርክ ቁልፍ ፈትሽ፤ በአዲስ ቀለም ላይ የተገጠመ ማቀፊያ ቀለሙ ሲታመቅ ይላላል። የሚገጥሙባቸውን ፊቶች ሳትቀባ ብትተዋቸው የተሻለ ነው።